የኦቾሎኒ ሌክቲንና የጫጩት ሽል፦ እስካሁን የደረስኩበት

ሰሞኑን በጣም ደስ ብሎኛል። ማይክሮስኮፕ ስር ያስቀመጥኩት የሦስት ቀን የጫጩት ሽል ጀርባው ላይ አንዱ ብሩህ፣ አንዱ ጨለማ እያለ የሚሄድ ጥርት ያለ መስመር አሳየኝ። የሚያበራው የኦቾሎኒ ሌክቲን፣ ማለትም ስኳርን ለይቶ የሚይዝ ፕሮቲን፣ የያዘው የሴሎቹ ገጽ ላይ ያለ ስኳር ነው። እዚህ ለመድረስ ስለለፋሁ፣ በዚሁ መንገድ ላይ ላላችሁ ይጠቅማል ብዬ ልጻፈው።

ጅምሩን ባጭሩ ልለፈው። መጀመሪያ የሳበኝ የአይጥ ሽል ነበር። ስምንት ሴል ላይ ሲደርስ ሴሎቹ እርስ በርስ ጥብቅ ይላሉ። ተመራማሪዎቹ ሶልተርና ኖውልስ እ.ኤ.አ. በ1978 የገለጹት ኤስኤስኢኤ-1 የሚባለው ስኳርም በዚያው ሰሞን ገጻቸው ላይ ብቅ ይላል። ታዲያ አጣባቂው እሱ ነው ለማለት ያስቸኩላል። ግን ይህን ስኳር ለመሥራት የሚያስፈልገው ኤፍዩቲ9 የተባለ ጂን የጠፋባቸው አይጦች በደህና ተወለዱ። ሌሎች ስኳሮችን ለመሥራት የሚያስፈልገው ኤምጋት1 የተባለው ጂን ሲጠፋ ደግሞ ሽሉ በአሥረኛው ቀን አካባቢ ይሞታል። ስለዚህ ስኳር በጅምላ አይፈረድም፤ እያንዳንዱ ለየብቻ መታየት አለበት።

ወደ ጫጩቱ ልምጣ። ከኅብለ ሰረሰሩ ግራና ቀኝ ሶማይት የሚባሉ ክፍሎች ይደረደራሉ፤ በየ90 ደቂቃው አንድ ጥንድ ይጨመራል። አከርካሪው የሚሠራው ከእነሱ ነው። ተመራማሪዎቹ ኬይንስና ስተርን እ.ኤ.አ. በ1984 እንዳሳዩት የነርቭ ክሮች የሚያልፉት በሶማይቱ ወደ ራስ ባለው ግማሽ ብቻ ነው። ገና ያልተከፋፈለውን ክፍል ገልብጠው ሲተክሉት ክሮቹ ወደ ጅራት በዞረው ግማሽ አለፉ። የኦቾሎኒ ሌክቲን የሚይዘው ደግሞ ነርቭ የማያልፍበትን ግማሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 ከሶማይት የወጣ ግላይኮፕሮቲን (ስኳር ያዘለ ፕሮቲን) የሚያድግ የነርቭ ክር ጫፍ ላይ ሲደረግ ጫፉ ተኮማተረ። በኦቾሎኒ ሌክቲን አስቀድሞ ሲጣራ ግን ያ ኃይሉ ጠፋ። ልቤን የወሰደው ይህ ሙከራ ነው።

የኔ ሽል ግን ለረጅም ጊዜ ሁለመናው ያበራ ነበር። ተስፋ የሚያስቆርጥ ነገር ነው። ነገሩ የተገኘው ማገጃው ላይ ነው፤ ሌክቲኑ በማይፈለግበት ቦታ ሁሉ እንዳይጣበቅ አስቀድሞ የሚደረገው ማለት ነው። አብዛኛው የላብ መመሪያ የተጻፈው ለአንቲቦዲ ስለሆነ ሲረም (ከደም የሚለይ ፈሳሽ) ጨምሩ ይላል። ሲረም ደግሞ ራሱ ስኳር ያዘሉ ፕሮቲኖች የሞሉበት ነው፤ ሌክቲን እነሱንም ይይዛል። የወተት ዱቄትም ያው ነው። በንጹሕ የከብት አልቡሚን ሲተካ ጀርባው ጸዳ። ሴል ለመክፈት የሚጨመረውን ሳሙና መሰል ትራይተንንም አልወደውም። ከስብ ጋር የተያያዙ ስኳሮችን አጥቦ ይወስዳል፤ ሴሉን ስለሚከፍትም ጎልጂ በሚባለው የሴሉ የውስጥ ክፍል ያለው ስኳር አብሮ ይበራል። የገጹን ስኳር ለማየት ከሆነ ይቅርባችሁ።

ከሁሉም የሚበልጥብኝ ቁጥጥር ግን ሌክቲኑ የሚይዘው ስኳር፣ ጋላክቶስ፣ ነው። ሌክቲኑን መጀመሪያ ብዙ ጋላክቶስ ባለበት አቆዩትና ሌላ ሽል ላይ አድርጉት። ብርሃኑ ከጠፋ ሌክቲኑ ይዞ የነበረው በእርግጥ ስኳር ነው። ይህ ቁጥጥር የሌለውን ምስል የቱንም ያህል ቢያምር አላምነውም።

ጨለማ ሲሆንም አትቸኩሉ። የኦቾሎኒ ሌክቲን የሚያውቀው ጋላክቶስና ኤን-አሴቲል ጋላክቶሳሚን የተባሉ ስኳሮች የተያያዙበትን ጥንድ ነው። ጥንዱ ላይ ሳያሊክ አሲድ የተባለ ሌላ ስኳር ከተከደነበት ያልፈዋል። ኒውራሚኒዴዝ የተባለው ኢንዛይም ክዳኑን ሲያነሳ ጨለማ የነበረው ቦታ ሊበራ ይችላል። ስለዚህ "እዚህ ስኳሩ የለም" ከማለታችሁ በፊት ይህን ሞክሩ።

ስለ እንቁላሉ፦ የሱቅ የፈረንጅ እንቁላል አይሆንም፤ ዶሮዎቹ አውራ ዶሮ አያውቁም። አውራ አብሯቸው ከሚውል የሀበሻ ዶሮዎች ፈልጉ። ቀን ብቻ ቆጥራችሁም አትመኑ፤ ሙቀቱ ትንሽ ሲዛባ ዕድገቱም ይዛባል። ሶማይት ቁጠሩ።

እውነቱን ለመናገር ለሌክቲን አደላለሁ፤ ዓይኔ ካላየ አይገባኝም። ሄፓራን ሰልፌት የተባለውን ረጅም የስኳር ሰንሰለት ሳልነካው እስካሁን ቆይቻለሁ፤ እሱን የሚሠራው ኤክስት1 የተባለ ጂን የጠፋበት የአይጥ ሽል ጋስትሩሌሽንን (የሽሉ ሴሎች በንብርብር የሚደረደሩበትን የመጀመሪያ ደረጃ) እንኳ በወጉ እንደማያልፍ እያወቅሁ ማለት ነው። አሁን የያዝኩት ኒውራሚኒዴዙን በጨለማው ግማሽ ላይ መሞከር ነው። ሳይቆረጥ በሙሉ ሽል ላይ የሠራችሁ ካላችሁ፣ ኢንዛይሙን በምን ያህል መጠንና ለስንት ሰዓት እንዳቆያችሁት ብትጽፉልኝ ውለታ ነው።