ድሬ (ድሬዳዋ) ላይ የትምህርት ቤት ወላጅ ኮሚቴ ለምትገቡ

መስከረም ላይ ጠቅላላ ጉባኤ ይጠራል፤ አንዱ ተነስቶ «እሱ ቢሆን ጥሩ ነው» ይላል፤ ይጨበጨባል፤ አለቀ። የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት አባል ብዙ ጊዜ የሚመረጠው እንዲህ ነው። እሺ ከማለታችሁ በፊት የኅብረቱን መመሪያ፣ ያለፈውን ዓመት ቃለ ጉባኤና የዘንድሮውን የትምህርት ቤት መሻሻል ዕቅድ አሳዩን በሉ። ቃለ ጉባኤው «የት እንደገባ አልታወቀም» ከተባለ የመጀመሪያ ሥራችሁ ተገኘ።

ዕቅዱ አራት ክፍል አለው፦ መማር ማስተማር፣ ምቹ የትምህርት አካባቢ፣ አመራርና አስተዳደር፣ የኅብረተሰብ ተሳትፎ። ወላጅ የሚያውቀው የመጨረሻውን ነው፤ ያውም አዋጡ ሲባል። እናንተ ከመጀመሪያው ጀምሩ። መምህር ያልተመደበለት ትምህርት የቱ ነው? አንድ መጽሐፍ ለስንት ልጅ ነው?

ስብሰባ ዓርብ አይሆንም። ከሰዓት በኋላም ሙቀቱና በርጫው (የጫት ሰዓቱ) አሉ፤ ማን ይመጣል? ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ጀምራችሁ ሦስት ተኩል ላይ ጨርሱ። በልጅ የሚላክ ወረቀት ቦርሳ ውስጥ ይቀራል፤ ዋዜማውን በስልክ ይነገር። በአማርኛ ብቻ ካወራችሁ ግማሹ ወላጅ አጨብጭቦ ይሄዳል። ኦሮምኛና ሶማሊኛ የሚያስተረጉም ሰው በየአጀንዳው ይናገር፤ መጨረሻ ላይ ጠቅልሎ መናገር ምንም አይጠቅምም፣ ያኔ ተወስኗልና።

ኮሚቴ የሚፈርሰው በገንዘብ ነው። መዋጮ በጉባኤ ተወስኖ በቃለ ጉባኤ ይፈረም፤ ያልከፈለ ሰው ልጅ ከክፍል አይወጣም። በመንግሥት ትምህርት ቤት ገንዘብ የሚገባው በሞዴል 64፣ በመንግሥት የገንዘብ መቀበያ ደረሰኝ ነው፤ የክፍል ተጠሪ በደብተር እየመዘገበ ከሰበሰበ ግን ሐሜቱ በሳምንቱ ይጀምራል። ዕቃም ያው ነው። የመጋላ ገበያ ነጋዴ ሲሚንቶ ቢለግስ በሞዴል 19 (የንብረት ገቢ ደረሰኝ) ንብረት ክፍል ይግባ፣ በሞዴል 22 (የንብረት ወጪ ደረሰኝ) ይውጣ። በቀጥታ ለግንበኛው ከተራገፈ ስንት ከረጢት እንደነበር በኋላ የሚመሰክር የለም።

ለመጀመሪያ ሥራ ዴስክ ጥገናን የሚያህል የለም፤ ርካሽ ነው፣ ውጤቱም ወዲያው ይታያል። የቱቦላሬ (የቱቦ ብረት) ዴስክ በብዛት የሚላላው ጣውላው ከብረቱ ጋር በሚያያዝበት ነው። በቪቴ (በጥምዝ ምስማር) ከተያዘ ልጆቹ ሲወዛወዙ ቀዳዳው ይሰፋል፤ ሌላ ቪቴ ቢጨመርም በወሩ ይወልቃል። ጣውላውንና ብረቱን አሳልፎ በስቶ በስምንት ቁጥር ብሎን፣ ከነሮንዴላውና ዳዶው ማሰር ነው፤ ለመቀመጫው አራት፣ ለመጻፊያው አራት። የተረፈው የብሎን ጫፍ ይቆረጥ፣ ዩኒፎርም ይቀዳል። አስቀድማችሁ ብሎን ብቻ የሚፈልገውን፣ ብየዳ የሚፈልገውንና ጣውላ የሚቀየርለትን ለዩ። ከበያጁ ጋር ሂሳቡን በዴስክ እንጂ በቀን አትነጋገሩ።

ውኃውም አለ። የድሬ ውኃ ኖራማ ስለሆነ ሩቢኔት ቶሎ ይደፈናል፤ ተበላሽቷል ተብሎም በአዲስ ይቀየራል። ፈትቶ አንድ ሌሊት አቼቶ ውስጥ መዘፍዘፍ አብዛኛውን ያድነዋል። የውኃ ማጠራቀሚያው ሮቶም ኖራው ሥሩ ላይ ይዘቅጥበታልና በየሴሚስተሩ እረፍት ይታጠብ።

ሰኔ ሳያልቅ ቦዮቹን አስጠርጉ፤ መጻሕፍቱ ከወለል ከፍ ይበሉ፤ በተለይ ለደቻቱ ወንዝ ቅርብ በሆኑ ትምህርት ቤቶች። የሐምሌ 1998ቱ ጎርፍ የመጣው ሌሊት ነው። የመጋዘኑ ቁልፍ ማን ጋ እንደሆነም ቃለ ጉባኤ ላይ ይጻፍ፤ ርእሰ መምህሩ በክረምት ሊዛወር ይችላል።