ማክሰኞ ከጠዋቱ 4 ሰዓት

ከመደበኛው የ60 ዓመት ጡረታ ቀድሞ በ55 የወጣ ሰው የሚቸገረው ቅዳሜና እሁድ አይደለም። ቅዳሜና እሁድንማ ሰርጉ፣ ለቅሶው፣ ማኅበሩና የእድር ስብሰባው ይሻሙበታል። ጭንቁ ማክሰኞ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ነው። እኩዮቹ ቢሮ ናቸው፣ ማኪያቶው ተጠጥቷል፣ ጋዜጣው ተነቧል። ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል እንዲሉ፣ ደህናውን ቧንቧ መፍታት የሚጀመረውም በዚህ ሰዓት ነው።

ባዶውን ሰዓት ደግሞ ዘመድ ቀድሞ ያየዋል። «አንተ እንደሆን ቤት ነህ» ይባላል፤ የወረዳ ወረፋው፣ የመብራት ክፍያው፣ የእህት ልጅ ከትምህርት ቤት መቀበሉ ይከተላል። ደግ ነገር ነው፤ ግን ጥቂት ወር ሳይቆይ ሰውየው ደመወዝ የሌለው ተላላኪ ሆኖ ቁጭ ይላል። «መጽሐፍ እያነበብኩ ነው» ማለት ማንንም አይመልስም። «4 ሰዓት ላይ ቀጠሮ አለብኝ፤ የሰፈር ትዝታቸውን የምቀዳላቸው እማማ ይጠብቁኛል» ማለት ግን ይመልሳል።

ለመሀል አዲስ አበባ ሰው ከሁሉ በፊት የምንመክረው ሥራ ከዚህ ይነሳል፦ የሰፈር ትዝታ መቅዳት። በ2016 ከፒያሳ፣ በ2017 ከካዛንቺስ ብዙ ቤት ፈርሶ ነዋሪው ወደ ከተማው ዳርቻ ሄዷል። ማን ከማን አጠገብ ይኖር እንደነበር፣ ወፍጮ ቤቱና ቦኖው የት እንደነበሩ የሚያውቁት አሁን አረጋውያኑ ብቻ ናቸው። እነሱ ደግሞ ለወግ ንቁ የሚሆኑት ከቁርስ በኋላ ነው፤ ከምሳ በኋላ ያንጎላጃሉ፣ ማታ ቤቱ በልጅ ጫጫታ ይሞላል። ስለዚህ ይህን ሥራ መሥራት የሚችለው የሥራ ቀን ጠዋቱ የራሱ የሆነ ሰው ነው።

የተበተነውን ሰው ማግኛው አጭር መንገድ እድሩ ነው። ሰፈር ቢፈርስም እድር ቶሎ አይፈርስም። ጸሐፊውን ጠይቀው የድሮውን መዝገብ ይመልከቱ፤ የአባላት ስም፣ የገቡበት ዓመት፣ ሟቾች፣ የወር መዋጮ፣ ሁሉም አለ። መዝገቡን ከቤቱ አያውጡ፤ እዚያው መስኮት አጠገብ ገጽ በገጽ በስልክ ፎቶ ያንሱ። (ጸሐፊ የጠፋበት እድር ከሆነ ሹመቱ እርስዎ ላይ እንደሚወድቅ ይወቁት። እሱም ቢሆን ቀጠሮ ነው።)

መቅረጫ መግዛት አያስፈልግም፤ የስልክዎ መቅረጫ ይበቃል። ከመጀመርዎ በፊት ስልኩን ኤርፕሌን ሞድ ላይ ያድርጉት፤ መሀል ላይ የገባ ጥሪ ቀረጻውን ሊያቋርጠው ይችላል። ከተናጋሪው ሁለት ስንዝር ያህል ራቅ አድርገው በታጠፈ ነጠላ ላይ ያስቀምጡት። ባዶ ጠረጴዛ ላይ ከተቀመጠ የሲኒው ኳኳታ ከድምፃቸው በላይ ይሰማል። ቴሌቪዥኑ ይዘጋ። ቡና ከተፈላ ደግሞ ሙቀጫው ጸጥ ብሎ አቦል እስኪቀዳ ይታገሱ። ግቢ ውስጥ ዛፍ ሥር መቀመጥ ደስ ይላል፤ ነገር ግን ነፋሱ ቀረጻውን ያበላሸዋል። ሁለት ሽማግሌ በአንድ ላይ መቅዳትም አይሆንም፤ ሲከራከሩ ደስ ይላሉ፣ ኋላ ሲሰማ ግን ማን ምን እንዳለ አይለይም።

መጀመሪያ ስማቸውን፣ ቀኑን፣ ቦታውንና ድምፃቸውን ማን ቢሰማው እንደሚፈቅዱ ራሳቸው በድምፅ ይናገሩ። ከ45 ደቂቃ በላይ አይቆዩ፤ ይደክማሉ፣ ያልጨረሱትም ለሚቀጥለው ጊዜ ይሆናል።

አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው ጥያቄው ላይ ነው። «ሰፈሩ እንዴት ነበር?» ካሉ መልሱ «ፍቅር ነበር፣ መተሳሰብ ነበር» ብቻ ይሆናል። ይልቅ ነጭ ወረቀትና እርሳስ ያቅርቡና «ከበርዎ ሲወጡ በስተቀኝ የማን ቤት ነበር?» ይበሉ። ከዚያ ቀጥሎስ? ውሃ ከየት ይቀዳ ነበር? ጠጅ ቤቱ የማን ነበር? እጃቸው መስመር ሲስል አፋቸው ይከተላል።

ዓመተ ምሕረት አይጠይቁ፤ ክስተት ይጠይቁ። ጣልያን ሲወጣ በ1933፣ የታኅሣሥ ግርግር በ1953፣ አብዮቱ በ1966፣ ኢሕአዴግ ሲገባ በ1983። ከሁሉም የሚጠቅመው ግን የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት የሆነበት አዋጅ ቁጥር 47/1967 ነው። «ከአዋጁ በፊት ኪራይ ለማን ይከፍሉ ነበር?» የሚለው ጥያቄ አከራዩን፣ ዋጋውን፣ ቤቱ የቀበሌ የሆነበትን መንገድ ሁሉ ያወጣዋል። እግረ መንገዱን ቂምም ያወጣል፤ «ይቅር» ካሉ ስልኩን ዘግተው ቡናውን ይጠጡ። በቀይ ሽብር ማን ማንን እንደጠቆመ መስማት እንጂ መቅዳት የእርስዎ ሥራ አይደለም።

በቀረጻ መሀል ማረም ክልክል ነው። ካዛንቺስ ስሙን ያገኘው ጣልያን ለመንግሥት ሠራተኞቹ ቤት ካሠራበት፣ ኢንቺስ ከሚባለው ድርጅት ነው፤ «ካዛ ኢንቺስ»፣ የኢንቺስ ቤቶች ማለት ነው። አባባ ሌላ ታሪክ ቢነግሩዎት እሱን ይቅዱ። የእሳቸው ታሪክ ራሱ ማስረጃ ነው። ማጣራቱ ለሐሙስ ይቆይ።

ሐሙስ ጠዋት የንባብ ነው። ወመዘክር (ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት) ወይም ስድስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት ይሂዱ፤ መታወቂያ መያዝ አይርሱ። አዲስ ዘመን መታተም የጀመረው በ1933 ስለሆነ፣ እማማ «ያኔ ትልቅ እሳት ተነስቶ ነበር» ያሉት ነገር በየትኛው ወር እንደሆነ መፈለግ ይቻላል። ቀኑን ሙሉ ገጽ ሲያገላብጡ ከመዋል ግን አንድ ጥያቄ ብቻ ይዞ መግባት ይሻላል።

ቤት ሲመለሱ ፋይሉን ወዲያው ይሰይሙ፦ ዓመት፣ ወር፣ ቀን፣ ስም፣ ሰፈር። 2018-02-11 ብለው ከዓመቱ ከጀመሩ በተራ ይደረደራል። ስልኩ በራሱ የሚሰጠው ቀን የፈረንጅ ስለሆነ ሁለቱ ከተቀላቀሉ በዓመቱ መጨረሻ ምንም አይገኝም። አንድ ሰዓት ቀረጻ ቃል በቃል መተየብ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ይፈጃል፤ ብዙዎች የሚተዉትም እዚህ ላይ ነው። አይተይቡ። በየ5 ደቂቃው ምን እንደተወራ አንድ መስመር በደብተር ይጻፉ፤ የሚያስፈልገውን ክፍል ብቻ ኋላ ይተይቡታል። የአንድ ሰዓት ድምፅ 60 ሜጋባይት ያህል ስለሆነ ባለ 16 ጊጋባይት ፍላሽ ከ200 ሰዓት በላይ ይይዛል። ፍላሽ ግን ይበላሻል፣ ቫይረስም ይበላዋል፤ ሌላ ግልባጭ በሌላ ሰው ቤት ይኑር።

የድሮ ፎቶ ካሳዩዎት የካሜራውን ፍላሽ አጥፍተው፣ በመስኮት ብርሃን፣ ስልኩን ከፎቶው ትይዩ አድርገው ያንሱ። ጀርባውንም ያንሱ፤ የፎቶ ቤቱ ማኅተምና ቀኑ ብዙ ጊዜ ያለው እዚያ ነው። አልበም ላይ የተጣበቀውን አይላጡ።

የድምፁን ቅጂ ለባለታሪኩ ቤተሰብ በዚያው ሳምንት ያድርሱ። «ሁሉም ሲያልቅ እሰጣለሁ» የተባለ ቅጂ ብዙ ጊዜ የሚደርሰው ለቅሶ ላይ ነው። ደግሞም የቀድሞ ጎረቤታቸው አሁን የት እንደገቡ የሚነገርዎት፣ ስልካቸውም የሚሰጥዎት፣ ቅጂውን ይዘው በሄዱበት ቀን ነው፤ የሚቀጥለው ማክሰኞም በዚያው ይያዛል።