ከጋሼ ጋር ወደ ዲሊ ፕላዛ

ስድስት ኪሎ ለተማረ ሰው ኬኔዲ መጀመሪያ የቤተ መጻሕፍት ስም ነው። «ኬኔዲ ነኝ»፣ «ኬኔዲ እንገናኝ»፣ «ኬኔዲ ቦታ ያዝልኝ»። እኔም አራት ዓመት ሙሉ ስሙን በየቀኑ ስጠራ ኖሬ፣ የአሜሪካ ፕሬዝዳንት የነበረው ሰውዬ እንዴት እንደሞተ በቅጡ ያሰብኩበት ቀን ትዝ አይለኝም። ባለፈው ህዳር ግን ለአጎቴ ልጅ ሰርግ ዳላስ ሄድኩ።

ጋሼ የእናቴ ወንድም ናቸው። ዳላስ ከገቡ 30 ዓመት አልፏቸዋል። አብዛኛውን ጊዜ ታክሲ ሲነዱ ነው ያሳለፉት። ከመልሱ ማግስት፣ ቤቱ ገና በእንግዳ እንደተሞላ፣ «ና እስቲ፣ ኬኔዲ የተገደለበትን ቦታ ላሳይህ» አሉኝ። ቤታቸው ካለበት ከጋርላንድ ተነስተን መሃል ዳላስ እስክንደርስ ድረስ ገዳዮቹን በሙሉ ቆጠሩልኝ። ሲአይኤ። ማፊያ። ከኩባ የተሰደዱት። ራሱ ካስትሮ። ምክትሉ ጆንሰን።

«የሃያ አራት ዓመት ልጅ፣ በፖስታ ባዘዘው ጠመንጃ፣ ብቻውን? እኔ አይዋጥልኝም» አሉ፣ ገዳዩ ነው ስለተባለው ስለ ሊ ሃርቪ ኦስዋልድ።

ለምን ይህን ያህል እንደሚከነክናቸው ጠየቅኳቸው። ያን ጊዜ ደሴ ሰባተኛ ክፍል ነበሩ። ኬኔዲ ያቋቋመው የፒስ ኮር በጎ ፈቃደኛ መምህራን ኢትዮጵያ ከገቡ ገና አንድ ዓመታቸው ነው። የጋሼም የእንግሊዝኛ መምህር ከእነሱ አንዱ ነበር። አሜሪካኖቹ ኖቬምበር 22፣ 1963 የሚሉት ቀን በእኛ ህዳር 12 ቀን 1956 ዓ.ም. ነው። ዓርብ። ህዳር ሚካኤል። ህዳር የሚታጠንበት ቀን። ልጆቹ ቀኑን ሙሉ ቆሻሻ ሲለቅሙና ሲያነዱ ዋሉ። ዳላስ ላይ ከቀኑ 12፡30 በእነሱ ሰዓት ሲሆን፣ ደሴ ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል ነበር።

«እሱ ሲመታ እኛ ጭስ ውስጥ ነበርን» አሉኝ ጋሼ። «ዜናውን የሰማነው በማግስቱ ነው። ልብሳችን ገና ጭስ ጭስ ይሸታል።»

ዲሊ ፕላዛ ስደርስ መጀመሪያ የተሰማኝ ነገር ቦታው ትንሽ መሆኑ ነው። በፊልም ሳየው ሰፊ አደባባይ ይመስለኝ ነበር። ግን ከአንዱ ጫፍ ቆመህ ሌላው ጫፍ ያለውን ሰው ጮክ ብለህ ልትጠራው ትችላለህ። ሦስት መንገዶች ወደ ታች እየተንሸራተቱ ይወርዱና በአንድ የባቡር ድልድይ ሥር ይገባሉ። መሃል ላይ ሣር አለ። በቀኝ በኩል ነጭ የኮንክሪት መደገፊያ፣ ከሱ አጠገብ ትንሽ ጉብታ፣ ከጉብታው በላይ የእንጨት አጥር። ከኋላ ደግሞ ቀይ ጡብ የለበሰ ባለ ሰባት ፎቅ ሕንጻ። ያኔ የትምህርት ቤት መጻሕፍት ማከማቻ ነበር።

የፕሬዝዳንቱ መኪና ክፍት ነበረች። ከሜይን ጎዳና ወደ ቀኝ ታጥፋ ሂውስተን ጎዳና ገባች። ከዚያ በሕንጻው ሥር ወደ ግራ ዞራ ኤልም ጎዳና ላይ ወጣች። መታጠፊያው በጣም ጠባብ ስለሆነ መኪናዋ ፍጥነቷን መቀነስ ነበረባት። ብዙዎች ጥርጣሬያቸውን የሚጀምሩት እዚህ ላይ ነው፤ «ለምን በዚህ መንገድ ወሰዱት?» ይላሉ። ጋሼ ራሳቸው የታክሲ ሰው ስለሆኑ መልሱን ያውቁታል። የምሳ ግብዣው ወደተዘጋጀበት አዳራሽ በፈጣኑ መንገድ ለመሄድ መውጫው ከኤልም ነው፤ ከሜይን አይገባም። «ይሄንን እንኳ እቀበላለሁ» አሉኝ፣ እንደ ትልቅ ውለታ።

አስፋልቱ ላይ ነጭ የኤክስ ምልክት ተቀብቷል። ጥይት ያገኘው እዚያ ጋ ነው። መኪናዎች ሳያዩት በላዩ ያልፋሉ። መብራት ሲይዛቸው ደግሞ ሰዎች ሮጥ ብለው መሃል መንገድ ገብተው ፎቶ ይነሳሉ። እኔ አልገባሁም። ሰው የሞተበት ቦታ ላይ እግሬን ማሳረፍ ከበደኝ።

አጥሩ ጋ ወጣን። እንጨቱ በጎብኚዎች ስምና ፊርማ ተሞልቷል። አንድ ሰውዬ ፎቶዎች ዘርግቶ ለመጣው ሁሉ ያስረዳል። ሁለተኛው ተኳሽ ከዚህ አጥር ኋላ ነበር ይላል። ይህ ከባዶ ሜዳ የመጣ አይደለም። በዚያች ቀን ድልድዩ ላይ የቆሙ የባቡር ሠራተኞች ነበሩ። ከመካከላቸው ከዛፎቹ ሥር ጭስ ሲወጣ አየን ብለው የመሰከሩ አሉ። ሕዝቡም ተኩሱ እንደቆመ ወደዚህ ጉብታ ሮጧል። ሰውዬው «ጭስ» ሲል ጋሼ ዞር ብለው አዩኝ። ምንም አላሉም።

ከዚያ ወደ ስድስተኛው ፎቅ። ከእ.ኤ.አ. 1989 ጀምሮ ሙዚየም ነው። ሊፍቱ ሲከፈት የሰዎቹ ድምፅ ወዲያው ዝቅ ይላል። የደቡብ ምሥራቁ ጥግ በመስታወት ታጥሯል። ውስጡ የመጻሕፍት ካርቶኖች እንደዚያን ቀን ተደርድረዋል። መስኮቱ ጋ መድረስ አይቻልም። አጠገቡ ካለው መስኮት ግን ቁልቁል ማየት ይቻላል።

ጋሼ እዚያ መስኮት ላይ ረጅም ሰዓት ቆሙ። መኪናዎቹ ከሥራችን እየታጠፉ በቀስታ ይወርዳሉ። ከዚህ ጥግ እስከ ኤክሱ 81 ሜትር ገደማ ነው። በመጨረሻ «ቅርብ ነው» አሉ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ፣ «አባቴ በዚህ ርቀት ሚዳቋ አይስቱም ነበር።»

እዚያው ፎቅ ላይ የተገኘው ጠመንጃ የጣሊያን ስሪት ነው። አሜሪካኖቹ ማንሊከር ካርካኖ ይሉታል። ጋሼ ስሙን ሲያነቡ ቆም አሉ። አባቶቻችን ምንሽር ያሉት ጠመንጃ ስሙን ያገኘው ከዚሁ ማንሊከር ከሚለው ቃል ነው። ካርካኖንም የጣሊያን ወራሪ በ1928 ዓ.ም. ይዞብን መጥቷል። ሊ ሃርቪ ኦስዋልድ የገዛው ከነማነጣጠሪያ መነጽሩ፣ የፖስታውን ጨምሮ በ21 ዶላር ከ45 ሳንቲም ነው። በሐሰት ስም።

ጋሼ ግን እጅ አልሰጡም። «ፊልሙስ?» አሉ። ግድያውን በፊልም የቀረጸው አብርሃም ዛፕሩደር የሚባል የልብስ ፋብሪካ ባለቤት ነው። ያንን ነጭ መደገፊያ ላይ ወጥቶ ነበር የቆመው። 26 ሰከንድ ያህል ብቻ ነው። የአሜሪካ ሕዝብ ፊልሙን በቴሌቪዥን ያየው ግን በ1975 ነው፣ ከ12 ዓመት ገደማ በኋላ። የኬኔዲ ጭንቅላት ሲመታ ወደ ኋላ ይሄዳል። ያየ ሁሉ «ታዲያ ከፊት ነዋ የተመታው!» ይላል። እኔም መጀመሪያ ሳየው ያልኩት ይህንኑ ነው። በኋላ ግን የኖቤል ተሸላሚው የፊዚክስ ሊቅ ሉዊስ አልቫሬዝ የሠራውን ሙከራ አነበብኩ። ሐብሐብ በቴፕ ጠቅልሎ ተኮሰበት። ሐብሐቡ ወደ ተኳሹ አቅጣጫ ተመለሰ። በሌላኛው ወገን የሚፈነጥቀው ነገር ወደ ኋላ ይገፋዋል።

«አንዱ ጥይት ሁለት ሰው መታ» የሚለውም እንዲሁ ነው። ከፕሬዝዳንቱ ፊት የተቀመጠው የቴክሳስ ገዥ ኮናሊ ነበር፤ ሁለተኛው የተመታው እሱ ነው። በሥዕል ሲያዩት ጥይቷ አየር ላይ የታጠፈች ትመስላለች። ግን የኮናሊ ወንበር ከኬኔዲ ወንበር ዝቅ ያለ፣ ወደ መኪናዋም መሃል ገባ ያለ ነበር። ይህ ከገባህ መስመሩ ቀጥ ይላል።

ከሁሉ አንጀቴን የበላው የጃንጥላው ሰውዬ ታሪክ ነው። በዚያ ጠራራ ፀሐይ አንድ ሰው መንገድ ዳር ቆሞ ጥቁር ጃንጥላ ዘርግቷል። ልክ ኬኔዲ በሚመታበት ቦታ። ለዓመታት «ምልክት እየሰጠ ነው»፣ «ጃንጥላው ራሱ መሣሪያ ነው» ተባለለት። በ1978 ሰውዬው የምክር ቤቱ አጣሪ ኮሚቴ ፊት ቀረበ። ጃንጥላው ተቃውሞ ነው አለ። የኬኔዲ አባት በእንግሊዝ አምባሳደር በነበሩ ጊዜ፣ ለሂትለር የተለሳለሰውን ጠቅላይ ሚኒስትር ቻምበርሊንን ደግፈዋል። ቻምበርሊን ደግሞ ከጃንጥላው አይለይም ነበር። በቃ ይሄው ነው። ማንም ቁጭ ብሎ ሊገምተው የማይችለው ምክንያት። ያንን ሳነብ፣ ፎቶ ላይ ያየነው ሰው ሁሉ በልቡ ምን ይዞ እንደቆመ አናውቅም ብዬ አሰብኩ። አሁንም በየሰልፉ ፎቶ አንድን ሰው በቀይ ቀለም ከበው «ይሄ ማነው?» ሲሉ ባየሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል።

ከሙዚየሙ ወጥተን ሣሩ ላይ ተቀመጥን። ለጋሼ የማስበውን ነገርኳቸው። ኦስዋልድ እዚህ ሕንጻ ሥራ የጀመረው ኦክቶበር 16 ነው፣ በአንዲት ጎረቤት ጥቆማ። የፕሬዝዳንቱ አጀብ መንገድ የተወሰነው ግን ግድያው አራት ቀን ሲቀረው ነው። ሴረኛ ገዳዩን መንገዱ ላይ የሚያስቀምጠው ከሆነ፣ መንገዱ ሳይታወቅ እንዴት ያስቀምጠዋል? ስለዚህ እኔ ብቻውን ነው ባይ ነኝ።

ጋሼ እስክጨርስ ጠበቁኝ። ከዚያ ረጋ ብለው ጀመሩ።

«እሺ። ግን እኛ ማን ነን? ንጉሡ በሕመም ሞቱ ተብሎ በራዲዮ የተነገረን ሰዎች ነን። እኔም አምኜ ነበር። አስከሬናቸው የወጣው ከ17 ዓመት በኋላ ከቤተ መንግሥቱ ግቢ፣ ከሲሚንቶ ሥር ነው። አንድ ጊዜ እንዲህ የተዋሸ ሰው፣ መንግሥት ዘግቶ የያዘውን ሣጥን ሲያይ ምን ይበል?»

መልስ አልነበረኝም። እውነታቸውን ነው። ግድያውን እንዲያጣራ የተቋቋመው የዋረን ኮሚሽን በ1964 ያወጣው 888 ገጽ ሪፖርት «ኦስዋልድ ብቻውን ነው» ይላል። ከኮሚሽኑ አባላት አንዱ የቀድሞው የሲአይኤ ኃላፊ አለን ደለስ ነበር። ሲአይኤ ካስትሮን ለማስገደል ከማፊያ ጋር ሲዶልት እንደነበር ደለስ ያውቃል። ለኮሚሽኑ ግን ትንፍሽ አላለም። ነገሩ አደባባይ የወጣው በ1975 ነው። ኦስዋልድ ከግድያው በፊት ለኤፍቢአይ የዳላስ ቢሮ ደብዳቤ ትቶ ነበር። ኦስዋልድ እንደሞተ ደብዳቤው በአለቃ ትእዛዝ ተቀዳዶ ሽንት ቤት ተጣለ። ይህም የታወቀው በ1975 ነው። ኦስዋልድ ራሱ ከግድያው ሁለት ቀን በኋላ በፖሊስ ጣቢያ ምድር ቤት፣ በፖሊስ ተከቦ፣ በቀጥታ ሥርጭት በጃክ ሩቢ ተገደለ። ፍርድ ቤት ሳይቀርብ።

በ1979 ደግሞ የምክር ቤቱ ኮሚቴ «ምናልባት ሴራ ነበር» አለ። ማስረጃው የፖሊስ ሬዲዮ ቅጂ ላይ ተሰማ የተባለ አራተኛ ጥይት ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ የአሜሪካ የሳይንስ አካዳሚ ይህን ውድቅ አደረገው። ሰው ግን የሚያስታውሰው የመጀመሪያውን ነው። እንዲያውም በመቃብሩ ያለው ኦስዋልድ ሳይሆን የሶቪየት ሰላይ ነው ስለተባለ፣ በ1981 አስከሬኑን ፎርት ዎርዝ ላይ ቆፍረው አውጥተው በጥርሱ አረጋገጡ። ራሱ ነበር። ፋይሎቹ ሲለቀቁ፣ ሲያዙ፣ ደግሞ ሲለቀቁ ኖረው በማርች 2025 ሌላ ብዙ ሺህ ገጽ ወጣ። በ2023 በተደረገ የጋሉፕ ጥናት ከመቶ 65ቱ አሜሪካውያን ኦስዋልድ ብቻውን አልነበረም ብለው ያምናሉ።

ጥይቶቹ ለእኔ መልስ አግኝተዋል። ስልሳ ዓመት የተደበቀው ወረቀት ግን መልስ አላገኘም። በዚህ ነው ጋሼን ልከራከራቸው ያልቻልኩት።

ወደ ቤት ስንመለስ መሽቷል። ጋሼ ዝም ብለው ይነዳሉ። አንድ መብራት ላይ ቆመን ሳለ ስለ መምህራቸው መናገር ጀመሩ። ቅዳሜ ጠዋት ልጆቹ ተሰብስበው ቤቱ ሄዱ። እንደኛ ወግ፣ ለቅሶ ሊደርሱ። በሩ ላይ ቆሞ አገኙት። ዓይኑ ቀልቷል። ፈረንጅ ሲያለቅስ ያን ቀን ነው መጀመሪያ ያዩት። ሁለት ቀን ቆይቶ ንጉሡ ዋሽንግተን ላይ ከፈረንሳዩ ፕሬዝዳንት ከደጎል ጎን ሆነው አስከሬኑን በእግር እንደሸኙ ሰሙ፤ ያኔ ትንሽ ቀለል አላቸው። አገራችንም ለቅሶ ደረሰች ብለው።

«እና መምህሩን አንዳችን ደፍረን ጠየቅነው» አሉኝ። «ያስተማረንን እንግሊዝኛ ተጠቅመን ነው የጠየቅነው። ማን ገደለው? ብለን። አላውቅም አለን። የሚያውቀውን ሁሉ ሲነግረን የኖረ ሰው ነው እኮ። አላውቅም ብሎን አያውቅም።»

መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። ከኋላችን ያለው መኪና ጥሩምባ እስኪያሰማ ድረስ ጋሼ አልተንቀሳቀሱም።