የመርፌው ጫፍ የት አለ?

ጽንሱን የከበበውን የእንሽርት ውሃ ለመቅዳት፣ በአልትራሳውንድ እያየሁ እርጉዝ ሆድ ውስጥ መርፌ ማስገባት ስማር የከበደኝ መርፌውን ማየት አልነበረም፤ ጫፉን ማየት ነው። ስክሪኑ ላይ ነጭ መስመር ይታያል። መስመሩ ያለቀበት ቦታ ግን የግድ ጫፉ አይደለም። አልትራሳውንድ የሚያሳየን እንደ ቢላ ስለት የሳሳ ገጽ ነው። መርፌው ትንሽ ወደ ጎን ካመለጠ ወገቡ ብቻ ይታያል፣ ጫፉ ከዚያ አልፎ ሄዷል። እዚያ ደግሞ ጽንስ አለ።

ይህን በእናት ሆድ ላይ መማር አልፈለግኩም። ተሠርቶ የሚሸጠው መለማመጃ ውድ ነው። ባሕር ዳር ግን ዓሣ አይጠፋም፤ ጣና ዳር ወርጄ አምባዛ ገዛሁ። ቅርፊት የለውም ብለው የማይበሉት ብዙ ናቸው። እኔ የፈለግኩት ወፍራም ሥጋውን ነበር።

የሕክምና ጓንት ውስጥ ውሃ ሞልቼ አሰርኩት። ከማሰሬ በፊት የራሰ ሽምብራ ጨመርኩበት፤ መርፌው መንካት የሌለበት ጽንስ እሱ ነው። ጓንቱን ሳህን ውስጥ አስቀምጬ የዓሣውን ሥጋ ደረብኩበት፣ ከዚያ ሁሉንም በውሃ ሸፈንኩት። ውሃው ቀድሞ ፈልቶ የቀዘቀዘ ቢሆን ይመረጣል፤ የአየር አረፋ ምስሉን ያበላሸዋል። ፕሮቡን፣ ማለትም ሆድ ላይ የሚደረገውን የአልትራሳውንድ መሣሪያ፣ ጄል ባለበት ጓንት ሸፍኜ፣ ለጀርባ ማደንዘዣ በሚያገለግለው ረጅሙ የስፓይናል መርፌ ልምምዱን ጀመርኩ።

ሁሌም የምይዘው ሕግ እዚያ ሳህን ላይ የተማርኩት ነው፦ ሁለቱ እጆች አንድ ላይ አይንቀሳቀሱም። መርፌው ከስክሪኑ ከጠፋ መርፌ የያዘው እጅ ቀጥ ይላል። ፕሮብ የያዘው እጅ በቀስታ እያዘነበለ ይፈልገዋል። ጫፉ እስኪታይ ድረስ ወደፊት መግፋት የለም።

አገባቡም ለውጥ አለው። መርፌው ፕሮቡ ሥር ቀጥ ብሎ ሲወርድ የድምፁ ሞገድ ነጥሮ ወደ ፕሮቡ አይመለስም፣ መስመሩ ይደበዝዛል። ከፕሮቡ ራቅ ብዬ ጋደም አድርጌ ሳስገባው ቦግ ብሎ ይወጣል።

ጓንቱ ሌላም ነገር አሳየኝ። በቀስታ ሲገፋ ላስቲኩ አይበሳም፣ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። የእንሽርት ውሃ ከረጢትም እንዲሁ ያደርጋል፣ በተለይ ሁለቱ ሽፋኖቹ ገና እርስ በርስ ሳይጣበቁ። ለምርመራ የሚቀዳው ውሃ ከ15ኛው ሳምንት በፊት የማይወሰድበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ሽፋኑ ላይ ሲደረስ አጭር፣ ቆራጥ ግፊት ያስፈልጋል።

በኋላ፣ ስፔሻሊስቱ አጠገቤ ቆሞ፣ የእንሽርት ውሃዋ ከመጠን በላይ የበዛ እናት ላይ፣ ትርፉን ውሃ ለመቀነስ ሠራሁ። ጋደም ስትል ትንፋሽ ያጥራት ነበር። «ዶክተር፣ ልጄን አይወጋብኝም?» አለችኝ። ስክሪኑን ወደ እሷ አዞርኩት። «እህቴ፣ ይቺ መርፌዋ ናት፣ ያ ልጁ ነው። አብረን እናያለን» አልኳት። ይህን ጥያቄ የማትጠይቅ እናት የለችም፤ መልሱም በዓይን መታየት አለበት ብዬ አምናለሁ።

የእንግዴ ልጁን ሸሽተን፣ ውሃው ሰፋ ባለበት ገባን። ውሃ ሲበዛ መግባቱ ይቀላል። ጥንቃቄው የሚብሰው ውሃው መውረድ ሲጀምር ነው። ማህፀኑ ይኮማተራል፣ ልጁም ወደ መርፌው ይጠጋል። ስለዚህ መርፌው እስኪወጣ ድረስ ፕሮቡ ከሆዷ አይነሳም። ውሃውም በዝግታ ነው የሚወርደው፤ ቶሎ ከወረደ የእንግዴ ልጁ ሊላቀቅ ይችላል። መርፌው እንደወጣ የልጁን የልብ ምት አየን።

የደም ዓይነቷን ግን ገና ሳንጀምር ነው ያረጋገጥነው። እናቲቱ አርኤች ኔጌቲቭ ከሆነች፣ የልጁን ደም የሚያጠቃው ፀረ እንግዳ አካልም ቀድሞ ካልተፈጠረባት፣ በ72 ሰዓት ውስጥ ይህ እንዳይፈጠር የሚከላከለውን የሾተላይ መርፌ መወጋት አለባት። መድኃኒቱ በእጃችን መኖሩንም የምናየው ያኔ ነው።