ደብሊን፣ ከረጅሙ ሌንስ ማዶ

ደብሊን እንደደረስኩ ሻንጣዬን ማረፊያዬ አስቀምጬ በቀጥታ ያቀናሁት ወደ ግራፍተን ጎዳና ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ የሠርግ ቪዲዮ እየቀረጸ ለሚኖር ሰው ይህ ጎዳና ከሙዚየም ይበልጣል፤ ዳይሬክተሩ ጆን ካርኒ እ.ኤ.አ. በ2007 ለዕይታ ያበቃው «ዋንስ» የተሰኘው ፊልም የሚጀምረው እዚህ ጊታር ይዞ በሚዘፍን የመንገድ ሙዚቀኛ ነውና።

ጎዳናው ለእግረኛ ብቻ የተተወ፣ ከጠበቅሁትም ጠበብ ያለ ነው። በቅርብ ርቀት ለመቅረጽ ካሜራዬን ሳወጣ ሦስት ወጣቶች ወዲያው ወደ ሌንሱ እያዩ ይሽኮረመሙ ጀመር። ካርኒ ግን ያለ ቀረጻ ፈቃድ፣ ካሜራውን ራቅ አድርጎ የሩቁን አቅርቦ በሚያሳይ ረጅም ሌንስ ስለሠራ፣ አብዛኛው አላፊ አግዳሚ ፊልም እየተቀረጸ መሆኑን አላወቀም። እኔም ሃምሳ እርምጃ ያህል አፈግፍጌ በዙም ስሞክረው፣ የመንገደኛው ትከሻ አንድ ጊታር ተጫዋች እየጋረደና እየገለጠ ያንኑ ተሰርቆ የተወሰደ የሚመስል ምስል ሰጠኝ። ርቀቱ የጠቀመው መሪ ተዋንያኑንም ጭምር ነው፤ ግሌን ሃንሳርድና ቼካዊቷ ማርኬታ ኢርግሎቫ ሙዚቀኞች እንጂ በሙያቸው ተዋንያን ስላልነበሩ፣ ካሜራውን ረስተው አንዳንዱን ንግግር ከራሳቸው አፍልቀው ተናግረዋል።

ለወንዱ ገጸ ባሕርይ መጀመሪያ የታሰበው ታዋቂው ተዋናይ ኪሊያን መርፊ ነበር። እሱ ሲተወው ካርኒ ወደ ሃንሳርድ ዞረ፤ ካርኒ ራሱ ቀደም ሲል በሃንሳርድ ባንድ ውስጥ ቤዝ ጊታር ይጫወት ስለነበር የሚያውቀውን ሰው ነው የመረጠው። ቀረጻው 17 ቀን ፈጀ፤ አብዛኛው ገንዘብም ከአየርላንድ የፊልም ቦርድ ተገኘ። ይህ 17 ቀን የሚሉት ቁጥር እንደ ጀብዱ ሲወራ ደስ አይለኝም፤ ዘፋኞቹ የገዛ ዘፈናቸውን የሚዘፍኑ፣ የድግሱ ትዕይንት በሃንሳርድ መኖሪያ ቤት የተቀረጸ፣ ድግስተኞቹም ጓደኞቹ እንደነበሩ ሲታሰብ ሥራው ከካሜራው በፊት ብዙ ተጉዟል።

ከሰዓት በኋላ ወደ ሳውዝ ግሬት ጆርጅስ ጎዳና ሄድኩ። ሁለቱ ገጸ ባሕርያት ለመጀመሪያ ጊዜ አብረው የሚጫወቱበት የሙዚቃ መሣሪያ ሱቅ ከዚያ ለቅቋል። ከመንገዱ ማዶ ቆሜ ሌንሴን ወደ ቀድሞው ሱቅ መስኮት አዞርኩ፤ አውቶቡሶቹ ግን ደጋግመው ከፊቴ ይቆማሉ፣ እኔም በመካከላቸው መስኮቱ ብቅ ባለ ቁጥር ቀረጽኩ።