የክረምት ጎማ ስላት እናቴ ዝናብ መሰላት

«ሰሞኑን ምን ዋጠህ?» አለች እናቴ በስልክ።

«የክረምት ጎማ ፍለጋ ላይ ነኝ እማዬ።»

ትንሽ ዝም አለች። «ክረምቱማ ወጣ እኮ ልጄ። መስቀልም አለፈ።»

እውነቷን ነው። አዲስ አበባ ላይ ጥቅምት ገብቷል፣ ዝናቡ አባርቶ ሰማዩ ጠርቷል። እኔ ደግሞ ካናዳ፣ አልበርታ በሚባለው ክፍለ ሀገር፣ ካልጋሪ ቁጭ ብዬ በመስኮት በረዶ ሲወርድ አያለሁ። የእኛ በጋ ሲገባ የእነሱ ክረምት ይገባል። እሱን ለማስረዳት አሥር ደቂቃ ፈጀብኝ። እዚህ ጎማ በየወቅቱ እንደሚቀየር ለማስረዳት ደግሞ ሌላ አሥር ደቂቃ። «እና መኪናዋ ሁለት ጫማ አላት በለኛ» ብላ ሳቀች። «ለአንተስ እግር ገዝተሃል?»

ካናዳ እንደመጣሁ አራት ዓመት ብሩክስ በምትባል የአልበርታ ከተማ ስጋ ፋብሪካ ቢላ ይዤ ቆሜያለሁ። ብዙ የአበሻ ልጅ ያለፈበት ቦታ ስለሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። ጠዋት ስነሳ ጣቶቼ አይታጠፉም ነበር። ያኔ ለራሴ ቃል ገባሁ፤ አንድ ቀን ማርቼዲስ እነዳለሁ። አባቴ እንዲያ ነበር የሚጠራት፣ እኔም መርሰዲስ ማለት አይሆንልኝም። ካልጋሪ ገብቼ ሥራ ሲስተካከል ያገለገለች፣ እ.ኤ.አ. የ2018 ሞዴል ኢ 400 ገዛሁ። ጥቁር፣ ባለ 19 ኢንች ቸርኬ። ጁን ላይ ነበር። ቸርኬዎቹን በጥርስ ብሩሽ ሳጥብ ባለቤቴ ፎቶ አንስታ ለእህቷ ልካለች።

ጎማዎቹ ለሙቀት ብቻ የተሠሩ መሆናቸውን አልጠየቅኩም። የሸጠልኝም አልነገረኝም።

ባለፈው ዓመት ኖቬምበር ላይ፣ ከዜሮ በታች 12 ዲግሪ በሆነ ጠዋት፣ በሴንተር ስትሪት ቁልቁል ወደ ዳውንታውን እየወረድኩ ነው። የአንበሳ ሐውልቶቹ ያሉበት ድልድይ ከፊቴ ይታያል። መብራቱ ቀይ ሆነ። ፍሬን ያዝኩ። ፔዳሉ ከእግሬ ሥር ድርርር ይላል፣ መኪናዋ ግን ዝም ብላ ትሄዳለች። ምንም ድምፅ የለም። ደነገጥኩና የበለጠ ረገጥኩ። ያው ነው። በመስቀለኛው ላይ የከተማ አውቶቡስ እየተሻገረ ነበር። መሪውን ወደ ቀኝ አዞርኩ፤ ከእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ጋር ኳ! አለና ቆመ። አውቶቡሱ አለፈ። ሹፌሩ ዞር ብሎ እንኳን አላየኝም፤ ለእሱ የተለመደ ነገር ነው መሰለኝ። የፊት ቀኝ ቸርኬ ተሰንጥቋል። ስኮርታ ልፈልግ የኋላውን ኮፈን ከፈትኩ። ስኮርታ የላትም! መንፊያና አንድ ጠርሙስ ማጣበቂያ ብቻ።

ከሁሉም የገረመኝ አራቱም እግሯ የሚጎትት መሆኑ ነው። ከኋላዋ «4ማቲክ» ተጽፎባታል። «አትፍራ፣ እንደ ታንክ ናት» ተብዬ ነበር። ለመነሳት እውነት ነው፣ ዳገት ላይ ማንንም ትቀድማለች። ለመቆም ግን ጥቅም የለውም። ሲቆምማ የየትኛውም መኪና ፍሬን አራቱንም ጎማ ነው የሚይዘው፤ የኮሮላም ጭምር።

ያን ክረምት ማርቼዲሷ ቆመች፣ እኔ በባቡር ተመላለስኩ። ዘንድሮ ግን ቀደም ብዬ ተነሳሁ።

ቤተ ክርስቲያን የምናገኛቸው አንድ ጋሼ አሉ። በድሮ ጊዜ የአሰብ መስመር ሾፌር ነበሩ፣ እዚህ ደግሞ ከ20 ክረምት በላይ ታክሲ ነድተዋል። መኪናዬን ሊያዩ መጡ። ሞተሯንም፣ የውስጥ ቆዳዋንም አላዩም። ጎንበስ አሉና አውራ ጣታቸውን ጎማው ላይ ጫን አደረጉ። ጥፍራቸው አልገባም። እጄን ይዘው ወደ ታክሲያቸው ወሰዱኝና «እስቲ ይኼን ንካ» አሉ። ጥፍሬ እንደ ላጲስ ውስጥ ገባ።

«ቅዝቃዜው ከ7 ዲግሪ በታች ሲወርድ ያንተ ጎማ መድረቅ ይጀምራል» አሉኝ። «በረዶ መውረዱን አትጠብቅ። አስፋልቱ ደረቅ ቢሆንም ይደርቃል።» የእሳቸው ጎማ ግን በብርድም እንዳይደርቅ ተደርጎ የተሠራ ነው። ጥርሱ ላይ እንደ ምላጭ የቀጠኑ መቶዎች ስንጥቆች አሉ፤ በረዶውን የሚነክሱት እነሱ ናቸው። ጎኑ ላይ ደግሞ ባለ ሦስት ጫፍ ተራራ ተስሎ ውስጡ የበረዶ ቅንጣት አለ። «ኤም ፕላስ ኤስ (ጭቃና በረዶ ማለት ነው) የሚለውን ብቻ አይተህ እንዳትገዛ» አሉኝ። እሱ የጥርሱን ቅርጽ ነው የሚናገረው፤ የተራራው ምልክት ግን ጎማው በረዶ ላይ ተፈትኖ ሲያልፍ የሚሰጥ ነው።

አልበርታ ውስጥ የክረምት ጎማ የሚያስገድድ ሕግ የለም። ተራራውን ተሻግረህ ወደ ቫንኩቨር ስትሄድ ግን ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ውስጥ በአብዛኛው የተራራ መንገድ ከኦክቶበር 1 እስከ ኤፕሪል 30 ግዴታ ነው። በክረምት ለሠርግ ብለህ የምትነዳ ልብ በል።

አሁን ወደ ራስ ምታቱ። መኪናዋ ይዛው የመጣችው ጎማ ከፊት 245/40፣ ከኋላ 275/35 ነው፣ ሁሉም ባለ 19። የመጀመሪያው ቁጥር ስፋቱ በሚሊሜትር ነው፣ ሁለተኛው የጎኑ ቁመት ከስፋቱ ስንት በመቶ እንደሆነ። የኋላው ሰፊ በመሆኑ ቁመናዋን አሳምሮታል። አንድ አከፋፋይ ዘንድ በዚሁ ልክ ቸርኬና የክረምት ጎማ ብጠይቅ ከ4,000 ዶላር በላይ አሉኝ። ጋሼ ዋጋውን ሲሰሙ ፉጨት አወጡና «ማን 19 ግዛ አለህ?» አሉ።

እኔ ግን 19 ነበር የምፈልገው። እውነቱን ልናገር፣ ያለ እነዚያ ቸርኬዎች ማርቼዲሷ ማርቼዲስ አትመስለኝም። ጋሼ ወረቀት አወጡ። ባለ 18፣ 245/45፣ አራቱም አንድ ዓይነት። ከቸርኬው እስከ መሬት ያለው የፊት ጎማ ቁመት ከ98 ሚሊሜትር ወደ 110 ያድጋል። ጉድጓድ ውስጥ ስትገባ የሚመታው ጎማው እንጂ ቸርኬው አይሆንም። አጠቃላይ ከፍታው ከመጀመሪያው የፊት ጎማ ጋር በ1 ሚሊሜትር ነው የሚለያየው፣ ስለዚህ የፍጥነት መቁጠሪያው አይዋሽም። ሰፊው የኋላ ጎማ የተከመረ በረዶ ላይ ይንሳፈፋል፣ ጠበብ ያለው ሰንጥቆ ወደ መሬት ይወርዳል። አራቱ እኩል ሲሆኑ ደግሞ የፊቱን ወደ ኋላ እያዘዋወርክ እኩል ታስበላቸዋለህ። «17 ቢሆንስ?» አልኩ፣ ርካሽ ስለሆነ። የፊት ፍሬንሽ ትልቅ ነው፣ ላይገባ ይችላል አሉ። መኪናዋን ነው «ሽ» ያሏት፤ ለእኔ ሳይሆን ለእሷ ነበር የሚያወሩት።

ጓደኞቼ ሙድ ያዙብኝ። «ኮሮላ አደረግካት» አለኝ አንዱ። እሱ ራሱ አውቶቡስ ነው የሚሳፈረው።

ከዚያ ያገለገለ ቸርኬ ከነጎማው የሚሸጥ ሰው አገኘሁ። ከሌላ የጀርመን መኪና የወጣ ነው፣ ቢኤምደብልዩ። ባለ 18፣ አምስት ቀዳዳ፣ በ112 ሚሊሜትር ክብ ላይ። የእኔም 5 በ112። መሀሉ ያለው ትልቁ ቀዳዳ እንኳን እኩል ነው። ዋጋው ግማሽ! ጋሼን ይዤ ሄድኩ። በመጀመሪያ ጎማው ላይ ያሉትን አራት ቁጥሮች አነበቡ፤ 3516። «እ.ኤ.አ. በ2016 35ኛው ሳምንት የተሠራ» አሉ። ሰውየው «አዲስ ማለት ነው፣ ብዙ አልተነዳም» አለ። ጋሼ አልመለሱለትም። ጣታቸውን የቡሎኑ ቀዳዳ ውስጥ ከተው አዞሩት። ከዚያ የእኔን መኪና አንድ ቡሎን አስፈትተው አጠገቡ ያዙት።

እስከዛሬ ድረስ ዓይኔ ላይ አለ። የእኔ ቡሎን አንገቱ እንደ ኳስ ክብ ነው። የቸርኬው ቀዳዳ ደግሞ ወደ ውስጥ እየጠበበ የሚሄድ ሾጣጣ። ስታስገባው ይገባል፣ ስታጠብቀው ይጠብቃል። ግን የሚነካካው በቀጭን መስመር ብቻ ነው። ቀስ በቀስ ይላላል። «መንገድ ላይ ጎማህ ቀድሞህ ሲሄድ ታየዋለህ» አሉኝ። ሾጣጣ ቡሎን ለብቻ ይገዛል፣ ግን ቸርኬው ከእኔው የበለጠ ወደ ውጭ ይወጣል። ተውነው። ሰውየው ተናደደ፤ በዚያ ብርድ ያን ያህል ሰዓት መቆሙም ያናድዳል።

በመጨረሻ ለመኪናዋ የተሠራ ተራ ግራጫ ቸርኬ ገዛሁ። ከፍተኛ ክርክር የነበረው የጎማው ዓይነት ላይ ነው። ጋሼ ከፊንላንዱ ኖኪያን ሌላ አያምኑም። የክረምት ጎማን እ.ኤ.አ. በ1934 ቀድመው የሠሩት እነሱ ናቸው፣ በዚህ አይከራከሩም። የካልጋሪ ክረምት ግን ዝም ብሎ ብርድ አይደለም፣ ቺኑክ የሚባል ሞቃት ነፋስ ከተራራው ይመጣል። ጠዋት ከዜሮ በታች 20 የነበረው ከሰዓት በኋላ ጃኬት ያስወልቃል። በረዶው ቀልጦ ዲርፉት በሚባለው አውራ ጎዳና ላይ ይፈስና ማታ መልሶ መስታወት ይሆናል። ባለ ሚስማሩ ጎማ ደረቅ አስፋልት ላይ ይንጫጫል፣ እሱን ወዲያው ተውኩት። እኔ ሚሽሊን ኤክስ አይስ ወሰድኩ። ጋሼ ለሁለት ሳምንት ያህል አኮረፉ።

ጎሚስታዎቹ ጋ ስደውል ሦስት ሳምንት ጠብቅ ተባልኩ። የመጀመሪያው በረዶ ሲወርድ ከተማው በሙሉ እኩል ነው የሚነቃው። እንደምንም አንዱ ጎማውን ቸርኬ ላይ አስገብቶ ባላንስ አደረገልኝ፤ የአየር መለኪያዎቹንም ከተተልኝ። መኪናዋ ላይ ያሰርነው ግን በጋሼ ጋራዥ ነው። ይህች መኪና ከሞዞው (ቸርኬው ከሚታሰርበት) ላይ ወጥቶ የቀረ ቡሎንና ዳዶ የላትም፣ ቸርኬውን በእጅ ይዘህ ቡሎን መክተት አለብህ። ከመሣሪያዎቿ ጋር አንድ ረዘም ያለ ማስገቢያ እንጨት መሳይ ነገር አለ፤ እሱን አንዱ ቀዳዳ ላይ ሰክተህ ቸርኬውን ታንጠለጥልበታለህ። ጋሼ መጀመሪያ የሞዞውን ዝገት በሽቦ ብሩሽ ፈተጉ። ቡሎኖቹን በጣት ጀመሩ፣ ከዚያ በኮከብ ቅርጽ እያፈራረቁ አጠበቁ። ከ100 ኪሎሜትር በኋላ ተመልሼ እንዳስጠብቅ አስማሉኝ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ቢጫ መብራት በራ። ጎማው ተነፈሰ ብዬ ልቤ ወደቀ። ብርዱ ነው። ሙቀቱ አምስት ስድስት ዲግሪ በወረደ ቁጥር የጎማው አየር አንድ ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) ያህል ይቀንሳል። ነፋሁት፣ ጠፋ።

ዲሴምበር ላይ ያችኑ ቁልቁለት ሆን ብዬ ሄድኩባት። ማለዳ ነው፣ ሰው የለም። ከላይ ሆኜ ፍሬን ያዝኩ። ፔዳሉ ትንሽ ተንቀጠቀጠ፣ መኪናዋ አፍንጫዋን ደፋ አድርጋ ቆመች። ከመስመሩ በፊት! አንበሶቹ በረዶ ተሸክመው ያዩኛል። ከኋላዬ የመጣው ሰው ጥሩንባ ነፋብኝ፤ መብራቱ አረንጓዴ ነበር።

ኤፕሪል ሲገባ አስፋልቱ ደረቀ። ለፋሲካ ማርቼዲሷ እንድታምር 19ኙን መልሼ አሰርኩ። ጋሼ «ሜይ ሳያልፍ?» ብለው ነበር፣ አልሰማሁም። ቅዳሜ ማታ ለቅዳሴ ልንወጣ በሩን ስከፍት ግቢው ነጭ ነው። ባለቤቴ ምንም አላለችም። የኮሮላዋን ቁልፍ ከመስቀያው አንስታ ሞተር አስነሳች። የክረምት ጎማዋን አላወለቀችም ነበር። እኔ ነጠላዬን ይዤ ከጎኗ ገባሁ።