መጀመሪያ ክሩን አንሱ፦ ለቤት ድመት መጫወቻ የምመርጠውና የምሠራው

ለድመት መጫወቻ ስመርጥ ቀድሜ የማስበው ነክሳ ስትበጣጥሰው ምን እንደሚወጣው ነው። ጎንደር ውስጥ ፈትል የማይጠፋበት ቤት ብዙ ስለሆነ የመጀመሪያው ሥራዬ ክርና ክር የተሰካበት መርፌ ከወለል ማንሳት ነው። በድመት ምላስ ላይ ያሉት ሻካራ እሾኮች ወደ ጉሮሮ የዞሩ ስለሆኑ ክር አንዴ ከገባ መትፋት ይቸግራታል። አንዱ ጫፍ ምላሷ ሥር ወይም ጨጓራዋ ውስጥ ተይዞ ሌላው ሲወርድ፣ አንጀቷ ገመድ እንደተሳበበት የሱሪ ወገብ ይሸበሸባል፤ ክሩም ሊቆርጠው ይችላል። ከአፏ ወይም ከኋላዋ ክር ተንጠልጥሎ ካያችሁ አትጎትቱ። ደጋግማ ካስታወከችና ምግብ ከተወች በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ነው። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ስለሚያስተምር እኔ መጠየቅ የምጀምረው ከዚያ ነው።

ድመቷ እያሳደደች ለምትጫወትበት 80 ሳንቲ ሜትር ያህል ቀጭን ሸንበቆ እቆርጥና ስንጥሩን በብርጭቆ ወረቀት አለሰልሳለሁ። ከጫፉ 2 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብዬ ዙሪያውን በቢላ አሰረጉዳለሁ፤ ያለዚያ ቋጠሮው በሁለት ስቦሽ ሾልኮ ይወጣል። እዚያ ላይ ከአሮጌ ካናቴራ የተቆረጠ፣ 3 ሳንቲ ሜትር ስፋትና 50 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ጨርቅ አስራለሁ። የጋቢና የነጠላ ቁራጭ ለዚህ አይሆንም፤ ሸማ ሲቆረጥ ጠርዙ እየተተረተረ መልሶ ክር ይሆናል። ካናቴራ ግን ጠርዙ ይጠቀለላል እንጂ እምብዛም አይተረተርም።

ብዙ ሰው ጨርቁን ድመቷ ፊት ያወዛውዝና «አትጫወትም» ይላል። አይጥ ወደ ድመት ትሮጣለች እንዴ? ከእሷ እያራቃችሁ ከመሶቡ ጀርባ ሰውሩት፣ አቁሙት፣ ጫፉን ብቻ አንቀሳቅሱ። ከምግብ በፊት 10 ደቂቃ ይበቃል፤ በመጨረሻ አስይዟትና መግቧት። የሌዘር መብራት የሚያስጠላኝ የሚያዝ ነገር ስለሌለው ነው፤ ዓይንም ይጎዳል። ሲያልቅ ሸንበቆው ቁምሳጥን ውስጥ ይቆለፋል።

ከሱቅ የሚገዛ የጨርቅ አይጥ ላይ በሙጫ የተለጠፈ ዓይን፣ ጅራትና ቃጭል ካለ ነቅሎ መስጠት ነው። የጠረጴዛ ቴኒስ ኳስ ጥሩ ነው፣ እስኪሰነጠቅ ድረስ። እንደ ልብስ ቁልፍ ትንሽና ክብ ባትሪ ያለበትን መጫወቻ ጨርሶ አልገዛም፤ ባትሪው ከተዋጠ ጉሮሮ ያቃጥላል። ፌስታልም መጫወቻ አይደለም።

የምግብ መጫወቻ ከግማሽ ሊትር ሃይላንድ ይሠራል። ክዳኑን፣ ከክዳኑ ሥር ያለውን ቀለበትና ወረቀቱን አውጡ። በጋለ ብረት ሁለት ሦስት ቀዳዳ ብሱ፤ ብረቱ ጠርዙን ስለሚያቀልጠው ስለት አይኖረውም። ቀዳዳው ከምግቡ ቁራጭ በእጥፍ ይስፋ፤ መጀመሪያ ላይ ቶሎ ቶሎ ካልወደቀላት ትተወዋለች። ውስጡ የሚገባው ያለ ጨው ተቀቅሎ የደረቀ ሥጋ ነው። ቋንጣ አይሆንም፤ በርበሬው ውስጥ ያለው ነጭ ሽንኩርት፣ እንደ ቀዩ ሁሉ፣ ለድመት መርዝ ነው። ጠርሙሱን በየቀኑ እጠቡ፤ ጥርሷ ሲሸረክተው ጣሉት።